ሳትመዘን ያደረችው ድንጋይ

ናሙናዎቹ የመጡልን በፒካፕ ነው፤ ለመጠጥ ማቀዝቀዣ በሚያገለግሉ ሁለት ሣጥኖች ውስጥ ተደርድረው። ይዟቸው የመጣው ወጣት ጂኦሎጂስት፣ ጉድጓዱ ከሚቆፈርበት ቆላ ጀምሮ መንገዱን ሙሉ አንዱን ሣጥን በእግሮቹ መሃል አጥብቆ እንደያዘ ነገረን። ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሷል። ክዳኑን ሲያነሳው በፕላስቲክ፣ ከዚያም በፎይል ተጠቅልለው በላያቸው ላይ ሰም የፈሰሰባቸው ድንጋዮች ታዩ።

"አደራ፣ አየር እንዳያገኛቸው" አለኝ።

"ሥራዬ ነው" አልኩት፣ ትንሽ ከንፈሬን ነክሼ። ሰው ሥራዬን ሲያስተምረኝ አልወድም።

ላቦራቶሪያችን በላይኛው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ውስጥ፣ ከመሥሪያ ቤቶቹ ጀርባ ባለ ግቢ ሁለት ክፍል ነች። ሰፊው ክፍል የአፈርና የሲሚንቶ ነው፤ ለመንገድና ለሕንፃ የሚሆን ጠጠር የሚፈተሽበት። እኔ ስምንት ዓመት የሠራሁት እዚያ ነው። ጠባቡን ክፍል ለአለት ናሙና ያደራጁት ኃላፊያችን ናቸው። ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም "ዶክተር" እንላቸዋለን። የብርጭቆ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ያሰባሰቡት ራሳቸው ናቸው፤ ሥራውንም ለእኔ ያስተማሩኝ ከጎኔ ቆመው፣ እጄን እያዩ ነው።

ከመሬት በታች ያለ አለት ከውጭ ሲያዩት ድፍን ይመስላል እንጂ አይደለም። በዐይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ በእነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥ ውኃ ወይም ዘይት ወይም ጋዝ ይኖራል። የእኔ ሥራ የትኛው ምን ያህሉን ቦታ እንደያዘ መለካት ነበር። ከድንጋዩ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ቁራጭ ይወጣና ይመዘናል። ከዚያ ቶሉዊን የሚባል፣ ቀለም የተቀባ ቤት የገባ ሰው ሽታውን የሚያውቀው ፈሳሽ በሚፈላበት ብርጭቆ ውስጥ ተንጠልጥሎ በእንፋሎቱ ይቀቀላል። ከድንጋዩ የወጣው ውኃ ተንኖ ሽቅብ ይሄዳል፤ በላይ በኩል ቀዝቃዛ ውኃ የሚዞርበትን ቱቦ ሲነካ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆንና ጠብ ጠብ እያለ፣ መስመር በተሰመረበት ቀጭን ብርጭቆ ውስጥ ይጠራቀማል። መስመሩን ማንበብ ነው። በመጨረሻ ድንጋዩ ደርቆ እንደገና ይመዘናል። ከጎደለው ክብደት ላይ የውኃው ሲቀነስ የተረፈው የዘይቱ ነው። ውኃም ዘይትም ያልያዙት ባዶ ቦታ ደግሞ ለጋዝ ይቆጠራል።

ይህ ሁሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ድንጋዩ ከመመዘኑ በፊት መድረቅ የለበትም። የአርባ ምንጭ ሙቀት ደግሞ ጠዋት የተሰጣ ጂንስ ለምሳ የሚያደርስ ነው።

እኔ ደግሞ መጠበቅ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። እናቴ ከደጋ ስትመጣ አይታኝ "እግርሽን ጉንዳን ወሮታል እንዴ?" ትለኝ ነበር። የአለቱ ሥራ ግን ከግማሽ በላይ መጠበቅ ነው። ጠብታው እስኪወርድ፣ መስመሩ እስኪቆም፣ ኦቨኑ እስኪያደርቅ። በዚያ ክፍል ውስጥ በመስኮቱና በበሩ መሃል ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄድኩ እንጃ። ዶክተር አንድ ቀን "ብትቀመጪም ይወርዳል" አሉኝ። ተቀመጥኩ፤ ወዲያው ተነሳሁ።

ስድስቱን ናሙናዎች በሰላም ጨረስኩ። ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰባተኛዋን አወጣሁ። ቁራጯን አዘጋጅቼ፣ የተረፈውን ጫፍ እንደ ደንቡ መልሼ በፎይል ጠቅልዬ ሰም ቀባሁትና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባሁ። ቁራጯን ከሚዛኑ አጠገብ በሳህን አስቀምጬ የሚዛኑን ቁልፍ ልጫን ስል ስልኬ ጠራ።

ታላቅ እህቴ በታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ መናኸሪያው አካባቢ አሳ ቤት አላት። የደወለችልኝ እዚያ የምትሠራው አስተናጋጅ ነበረች።

"ቶሎ ነይ፣ ዘይቱ ተደፋባት" አለች። ከጀርባዋ የእህቴ ጩኸት ይሰማል።

ቦርሳዬን እንኳ አላነሳሁም። ጋዋኔን እንደለበስኩ ባጃጅ ውስጥ ገባሁና ቁልቁለቱን ወረድን። እህቴ ግራ እጇ ከክርኗ እስከ መዳፏ ተልጦ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥርሷን ነክሳ ነበር። ሆስፒታል ወሰድኳት። እዚያ መሸብን። አብሬያት አደርኩ፤ በማግሥቱም ልጆቿን ትምህርት ቤት ሸኝቼ፣ መድኃኒት ገዝቼ፣ ላቦራቶሪ ስደርስ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

በሩን ስከፍት የጣሪያው ማራገቢያ ይዞራል። ከሱ ሥር፣ ከሚዛኑ አጠገብ፣ ሰባተኛዋ ድንጋይ እንዳስቀመጥኳት ተቀምጣለች። ቀለሟ ገርጥቷል። ሐሙስ ጠቆር ያለች፣ ስትነካ የምትቀዘቅዝ ነበረች፤ አርብ እንደ ማንኛውም የመንገድ ጠጠር ሆናለች።

ያን ጊዜ ምን ማድረግ እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ሳወጣት ያየኝ የለም፤ ትቻት ስወጣም ያየኝ የለም። እጄ ራሱን ችሎ የሚሠራ ይመስል ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኳት፣ ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ብርጭቆው ውስጥ ከተትኳት፣ ማሞቂያውን አበራሁ። በመዝገቡ ቅጽ መጨረሻ ላይ "አስተያየት" የሚል ዓምድ አለ። ባዶ ተውኩት።

የሚወርደውን ጠብታ ቆሜ ስጠብቅ ዋልኩ። ወረደ፤ ግን ከስድስቱ የአንዳቸውን ግማሽ አይሞላም።

በሳምንቱ የቀሩትንም ናሙናዎች ጨርሼ ውጤቱን ሁሉ አጠናቅሬ ለዶክተር አቀረብኩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን ወደ ዐይናቸው አስጠግተው አነበቡ። ሰባተኛው መስመር ላይ ጣታቸው ቆመ።

"ይቺ ደረቅ ናት።"

"አዎ" አልኩ።

"እህትሽ እንዴት ሆነች?"

"ደህና ናት፤ እየጠገገላት ነው።"

"እግዚአብሔር ይማራት" ብለው ፈረሙ። በማግሥቱ ለሥራ አዲስ አበባ ሄዱ፤ ሰኞ ሳይሆን በሚቀጥለው ሰኞ እንደሚመለሱ ነግረውን።

ሁለት ቀን ሳይሞላ ጂኦሎጂስቱ ደወለ። ድምፁ ሌላ ሰው ነው የሚመስለው።

"ሰባተኛዋን አየሻት? ሌሎቹ ውኃ በውኃ ናቸው፤ እሷ ላይ ስንደርስ ግን ቦታው ለጋዝ ነው! እርግጠኛ ነሽ አይደል?"

"የለካሁትን ነው የጻፍኩት።"

ይህ ቃል ውሸት አልነበረም። ለዚያም ነው ከውሸት የባሰብኝ። ስልኩን ዘግቼ ውጭ ወጣሁ፤ ተመልሼ ገባሁ፤ እንደገና ወጣሁ። የግቢው ዘበኛ ከወንበሩ ሆኖ አንገቱን እያዞረ ያየኛል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሳምንት እንቅልፍ የሚባል አልነበረኝም። ምግብ ስቀምስ የቶሉዊን ሽታ ይመጣብኛል። ሰው ስሜን ሲጠራኝ እደነግጣለሁ። ማታ ማታ እህቴ እጇ እስኪድን አሳ ቤቱን አግዛት ስለነበር ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። ረቡዕ ዕለት ከፊቴ የተቀመጡት ሲቀላ ገበያ ጅምላ ሱቅ ያላቸው፣ ኮፍያ ያደረጉ ነጋዴ ነበሩ። አጠገባቸው ላለው መምህር ጮክ ብለው ያወራሉ።

"ጋዝ ተገኝቷል እኮ! አልሰማህም?"

"የት ነው?"

"እዚሁ በታች፣ ቆላው ላይ። ፈረንጆች አይደሉም ያሉት፤ የራሳችን ልጆች እዚሁ ሴቻ ድንጋዩን ቀቅለው ነው ያገኙት።"

ከኋላ አንዲት ሙዝ የያዘች ሴትዮ "ታዲያ ማገዶ ሊቀርልን ነው?" አለች። መኪናው ሁሉ ሳቀ። አንዱ ለምዕራብ ዓባያ ቱቦ ይዘረጋል አለ፤ ሌላው ፋብሪካ ይተከላል አለ። ነጋዴው ዞር ብለው ጋዋኔን በክንዴ ላይ አዩና "አንቺ የኔ ልጅ፣ ሐኪም ነሽ?" አሉኝ።

"አይደለሁም" አልኩ። መውረጃዬ ሳይደርስ "ወራጅ አለ!" ብዬ ወረድኩ። የቀረውን መንገድ በእግሬ፣ በፀሐይ፣ እየሮጥኩ ነው ማለት ይቻላል የሄድኩት።

ያን ዕለት አሳ ቤቱ ሞልቷል። እህቴ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ደረቷ ላይ አስደግፋ በሌላው እጇ ታዝዛለች። እኔ ከጓዳ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ጓዳ እላለሁ። ሰው ጋብ ሲል ጠራችኝ።

"ምን ሆነሻል?"

"ምንም።"

"አንዱን ጠረጴዛ አራት ጊዜ ጠረግሽው። ሰውየው ዳጣ ሲጠይቅሽ ጨው ሰጠሽው።"

ነገርኳት። ከስልኩ ጥሪ ጀምሬ እስከ ሚኒባሱ ድረስ። እያወራሁ ዐይኔ የተቃጠለው እጇ ላይ ነበር፤ እሷም አየችኝ።

"እና በኔ ልታሳብቢ ነው?" አለች።

"አላሳበብኩም።"

"ልታሳብቢ ነው። 'እህቴ ተቃጥላብኝ' ልትይ ነው። እውነት ነው፣ ሐሙስ ዕለት ተቃጥያለሁ። ጥለሻት መምጣትሽንም ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። አርብ ዕለት ሚዛኑ ላይ ያስቀመጠቻት ግን የኔ እጅ አይደለችም።"

ተናደድኩባት፤ በዚያች ደቂቃ ከማንም ይልቅ የተናደድኩት በእሷ ነው። ሳህኖቹን እያንኳኳሁ አጠብኩ። ቤቴ ስገባ ግን ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አሰብኩ፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውን ጫፍ። ሰም የተቀባውን። እሱ አልደረቀም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ላቦራቶሪ ገባሁ። ቅዳሜ ሥራ የለም፤ በግቢው ያለው ዘበኛው ብቻ ነው። የምዕራብ ዓባያ ሰው ነው፣ ሽማግሌ፤ ጋሼ እለዋለሁ። ጋሞኛው ውብ ነው ይባላል፤ አማርኛው ግን ሴትና ወንድ አይለይም። ስምንት ዓመት ሙሉ "አንተ" እያለኝ ኖሯል፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

"ቅዳሜ ምን ትሠራለህ ልጄ?"

"ትንሽ የቀረች ነገር አለች ጋሼ።"

ጫፉን አውጥቼ ሰሙን ላጥኩ። ድንጋዩ ጠቆር ብሎ ወጣ። ወዲያው መዘንኩት። ብርጭቆው ውስጥ ከተትኩት፣ የውኃውን ቧንቧ ከፈትኩ፣ ማሞቂያውን አበራሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ። ከዚያ ሌላ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ያን ቀን መቀመጥ አልከበደኝም።

አምስት ሰዓት ገደማ ሽታው መጣ። ዝም ብሎ የክፍሉ ሽታ መሰለኝ፤ ከዚያ ዐይኔን አቃጠለኝ። ቀና ብዬ ሳይ ከማቀዝቀዣው ቱቦ የሚወጣው ጎማ ባዶ ነው። የከተማው ውኃ ጠፍቷል። የሚፈላው ቶሉዊን የሚያቀዘቅዘው አጥቶ በላይ በኩል ወደ ክፍሉ እየወጣ ነበር። ማሞቂያውን ነቀልኩ፤ መስኮቱን፣ በሩን፣ ሁሉንም በረገድኩት። ውጭ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ሳልኩ። አንዲት ብልጭታ ብቻ ብትገኝ ምን ይፈጠር እንደነበር ያኔ አላሰብኩም። ያሰብኩት ቀጭኑ ብርጭቆ ውስጥ ያለውን መስመር ብቻ ነው።

ዘበኛው እየሮጠ መጣ።

"ምን ሆነህ?"

"ውኃ ጠፋ ጋሼ።"

"አርባ ምንጭ ላይ ቁጭ ብለን ውኃ ጠፋ" አለና ሳቀ። ይሄ የከተማው ሁሉ ቀልድ ነው። እኔ አልሳቅኩም፤ ፊቴን አይቶ እሱም ተወው።

"ለዚህ ድንጋይ ውኃ ከሌለ አይሆንም?"

"አይሆንም።"

"ሮቶው ላይ እኮ ውኃ አለ። ጀሪካን አምጣና እንሸከም።"

የተጠራቀመ ውኃ ከግቢው ጥግ ባለው ሮቶ ውስጥ ነበር። ክፍሉ በደንብ እስኪናፈስ፣ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ጠበቅን። ከጠረጴዛው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አንድ ትልቅ ባልዲ አስቀመጥን፤ ጎማውን ከባልዲው ወደ ማቀዝቀዣው ቱቦ፣ ከቱቦው ወደ ወለሉ ባልዲ አስገባን። ሽማግሌው ጎማውን በአፉ ስቦ ውኃውን አስነሳው። ማሞቂያውን እንደገና አበራሁ። ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እሱ ከሮቶው ጀሪካን ያመጣል፣ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ባልዲውን እሞላለሁ። የታችኛው ሲሞላ ለግቢው ፓፓያ ይደፋል። ትከሻዬ ተቆረጠ። እሱ እንደ እኔ ያለከለከ አይመስልም።

በመሃል ቆም ብሎ ቀጭኑን ብርጭቆ አየ።

"ከድንጋይ ውኃ ታልባለህ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ሰው ጋዝ ነው ያለው። ልጄ ከምዕራብ ዓባያ ደወለ፣ ቱቦው በማንጎው መሬት ላይ ያልፋል ወይ፣ ጠይቅልኝ አለ። አንተን ልጠይቅ ስል ፊትህ ልክ አልነበረም፤ ተውኩት።"

መስመሩ ቆመ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፤ አልተንቀሳቀሰም። አነበብኩት። ጫፉ የሰባተኛዋን ግማሽ እንኳ የማይሆን ቁራጭ ነው፤ የወጣው ውኃ ግን ከሰባተኛዋ ይበልጣል። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ከቆምኩበት ወንበር ወርጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"ጋሼ፣ ጋዝ የለም" አልኩት። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ድንጋዩን ሜዳ ላይ አሳድሬው ደረቀብኝ፤ ሳልናገር ጻፍኩት።"

ጀሪካኑን አስቀመጠ። ስለ ማንጎ መሬቱ የሚያስብ መስሎኝ ቀና ብዬ ላየው አልደፈርኩም።

"ለዶክተሩ ነገርክ?"

"ሰኞ ይመጣሉ። ሰኞ እነግራቸዋለሁ።"

"ሰኞ ሩቅ ነው። ዛሬ ውኃ ስትሸከም የዋልከው ሰው ሰኞ ይገኛል ወይ? ስልክ የለህም?"

ደወልኩ፤ አይነሳም። ዘበኛው ከአጠገቤ አልሄደም። ስለዚህ መልእክት ጻፍኩ፦ "ዶክተር፣ ሰባተኛዋ ናሙና ሳትመዘን ደርቃለች። ጥፋቱ የእኔ ነው። እያወቅኩ ነው የጻፍኩት። ይቅርታ።" ላክሁት። "ሄደ?" አለኝ። "ሄደ" አልኩት። ጀሪካኖቹን አንስቶ ወጣ።

መልስ አልመጣም። እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኳት ብጠየቅ በእግሬ ነው የምለው። ከቅዳሴ ወጥቼ ቤት መግባት አቃተኝ። ሴቻ ዳር ድረስ ወጥቼ ጫሞ ሐይቅን ከላይ አየሁት፤ አላረጋጋኝም። ወደ ሲቀላ ወረድኩ፤ ቁልፎ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሜ ስልኬን አወጣሁ፤ ኪሴ ከተትኩት፤ እንደገና አወጣሁት። ከሥራ ቢያባርሩኝ ምን እንደምሆን አሰብኩ። ከዚያ ሰው ሳቅ ብሎ ሲያልፍ ሁሉም የሰማ መሰለኝ።

ሰኞ ዶክተር ቀድመውኝ ገብተዋል። ጠባቡ ክፍል ውስጥ ቆመው መደርደሪያው ላይ የቀረውን ባልዲ ይመለከታሉ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"መልእክቴ ደርሶዎታል?"

"ደርሶኛል። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"

ነገርኳቸው። ሐሙስን፣ አርብን፣ "ይቺ ደረቅ ናት" ሲሉኝ "አዎ" ማለቴን። ወንበር ስበው ተቀምጠው ሳያቋርጡኝ ሰሙ፤ ፊታቸው አልተለወጠም። ለዚህ ለታሪኩ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስዘጋጅ ነበር፤ ምን እንደምመልስ ሁሉ አጥንቻለሁ። ቅዳሜ ላይ ስደርስ ግን ከወንበራቸው ተነሱ።

"ብቻሽን?"

"ዘበኛው ነበር።"

"ውኃ ሲጠፋ ምን ሆነ?"

"ትንሽ ተነነ። ወዲያው አጠፋሁት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ... በባልዲ ቀጠልን።"

ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት አፈር ክፍል ያሉት ሁሉ ሰሙ።

"ቶሉዊን በተነነበት ክፍል! ሥራ በሌለበት ቀን! ከአንድ ሽማግሌ ጋር! እሳት ቢነሳ የሚያወጣሽ ማን ነው? ድንጋይ ከመሬት ሌላ ይወጣል። አንቺን ከየት አወጣለሁ?"

አለቀስኩ። ለስህተቱ፣ ለውሸቱ አላለቀስኩም፤ ለእነሱ ዐይኔ ደረቅ ነበር። ባላሰብኩት በኩል ሲመጡብኝ ነው የፈረስኩት። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

ከዚያ ለጂኦሎጂስቱ ደወሉ፤ "ሠራተኛዬ የምትነግርህ አላት" ብለው ስልኩን ሰጡኝ። ነገርኩት።

"ለአለቆቼ ልኬዋለሁ" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ስብሰባ ላይ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው የኔ ስም ነው፤ ያንቺ አይደለም።"

"የእኔን ጻፍበት። ማስተካከያ ደብዳቤ ዛሬ እንልካለን፤ እኔ እፈርማለሁ።"

"አደራ ብዬሽ ነበር" አለና ዘጋው።

ደብዳቤውን ዶክተር ጻፉ፤ የቅዳሜው ውጤት ተያይዞበት፣ እኔ ፈርሜበት ሄደ። በዚያው ሳምንት ጂኦሎጂስቱ መጥቶ ከየናሙናው የተረፉትን ቁርጥራጮች ጫነ። ወደ ሌላ ላቦራቶሪ እንደሚወስዳቸው ለዶክተር ነገረ። ሻይ አልጠጣም፤ እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። ዶክተር ከጠባቡ ክፍል አንስተው ወደ አፈሩ መለሱኝ። ቅጣት ነው አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አምስት ወር የኮንክሪት ኩብ ስሰብር፣ ጠጠር ስነፋ ቆየሁ። ከዚያ አንድ ቀን ዶክተር "ጠባቡ ክፍል አቧራ ይዞታል፤ ነገ ግቢ" አሉኝ፤ ሌላ ንግግር አልነበረም። ዘበኛው ለልጁ ምን ብሎ እንደነገረው አላውቅም። በከተማው ያለው ወሬ ግን አልሞተም፤ እስካሁን "ተገኝቶ ነበር፣ ደበቁት" የሚል አለ። እንደዚያ ሲባል በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል።

ዓመት ካለፈ በኋላ ነው ጂኦሎጂስቱ እንደገና የመጣው። ፂም አሳድጓል፤ ከሌላ መሥሪያ ቤት፣ ለውኃ ጉድጓድ የተቆፈረ አለት ይዞ ነበር። ሰላም አለኝ። ዶክተር ሲወጡ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

"የዚያ ጉድጓድ ነገር እንዴት ሆነ?" አልኩት። ዓመቱን ሙሉ ማንንም ያልጠየቅኩት ጥያቄ ነው።

"ተዘጋ። ሲሚንቶ ሞልተው ዘጉት።"

"በሰባተኛዋ ምክንያት?"

ሳቅ አለ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። "የለም። አለቆቼ እንዳዩዋት አላመኗትም። ከአሥራ ምናምን ናሙና አንዲቷ ብቻዋን ስትለይ 'የላቦራቶሪ ስህተት ናት' ብለው በስብሰባው ላይ ሰረዟት። ያንቺ ደብዳቤ ሲደርስ ጉዳዩ አልቆ ነበር።"

"ስደውልልህ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ተናድጄብሽ ነበር። ስብሰባው ላይ የሳቁት በኔ ነው።"

ከሄደ በኋላ ንጹሕ ብርጭቆዎችን ሁሉ አውርጄ እንደ አዲስ አጠብኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ማንም አልተጎዳም፣ የተቆፈረ ነገር የለም፣ የተዘረጋ ቱቦ የለም። ደስ ግን አላለኝም። ያ ሁሉ እንቅልፍ ማጣት፣ ያ ሁሉ ጀሪካን፣ በአንድ የእስክሪብቶ ጭረት ለተሰረዘ ቁጥር ነበር። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል፤ የት እንደማስቀምጠው አላወቅኩም።

ማታ አሳ ቤት ሄጄ ለእህቴ ነገርኳት። ፊሌቶ እየከተፈች ነበር። ጨርሳ ከሰማችኝ በኋላ ቢላውን አስቀምጣ ከልቧ ሳቀች።

"እና አሁን ምን ፈለግሽ? ጉድጓዱን የዘጋሽው አንቺ እንድትሆኚ?"

"አይደለም።"

"ታዲያ?"

"እንጃ።"

"እኔም አላውቅልሽም" አለችና የሚጨስ ሳህን በእጄ አስያዘችኝ። "በሩ አጠገብ ላሉት ሰዎች ነው። ሳይቀዘቅዝ አድርሺላቸው።"